ምዕራፍ ሰባት፦ ለሁለት የተከፈለ ቢላ

ጠንካራ ቢላ የሚፈልግ ሰው ቢላውን መሃሉ ላይ አይሰብርም። ሰንጢ ግን ገና ከፋብሪካ ሲወጣ ለሁለት የተከፈለ ቢላ ነው። ስለቱ አንድ ዕቃ፣ እጀታው ሌላ ዕቃ፤ የሚያገናኛቸው ደግሞ ጥቂት ሚሊሜትር ውፍረት ያለው አንድ ዘንግ ብቻ። የሥጋ ቤት ካራ ብረቱ እጀታው ውስጥ ዘልቆ ስለሚገባ ክንድ የሰጠው ኃይል ሳይጓደል ሥጋው ላይ ይደርሳል። ሰንጢ ላይ ያው ኃይል በዚያች ዘንግ በኩል ማለፍ አለበት።

ሰዎች ይህን ድክመት እያወቁ የተቀበሉት ስለቱ ታጥፎ እጀታው ውስጥ ስለሚደበቅ ነው። ሰገባ አያስፈልገውም፤ ኪስ አይቀድም፤ ጭን አይወጋም። ኦስትሪያ ውስጥ ሃልሽታት በተባለው ጥንታዊ የጨው ማዕድን ሥፍራ የተገኘ ታጣፊ ቢላ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ600 እስከ 500 ባሉት ዓመታት እንደተሠራ ይገመታል። ሮማውያንም ታጣፊ ቢላ ነበራቸው። ኪስ ለመግባት ሲባል ለሁለት የተከፈለ ቢላ ሥራ ላይ ሲውል እንዴት አንድ ይሁን የሚለው ጥያቄ እንግዲህ ከ2,500 ዓመት ያላነሰ ዕድሜ አለው። ዛሬ ገበያ ላይ ያሉት ሰንጢዎች ሁሉ ለዚህ ጥያቄ የተሰጡ መልሶች ናቸው፤ እጅ ውስጥ ሲገቡ የሚሰጡት ስሜት የሚለያየውም መልሳቸው ስለሚለያይ ነው።

ኃይሉ ወዴት ይሄዳል?

ወደ መልሶቹ ከመሄዳችን በፊት መገጣጠሚያው ላይ የሚያርፈውን ኃይል እንይ። ሽንኩርት መክተፊያ ላይ አስቀምጠን ስንቆርጥ ሽንኩርቱ በተራው ስለቱን ወደ ላይ ይገፋዋል። ይህ አቅጣጫ ስለቱ የሚከፈትበት አቅጣጫ ነው። ስለቱ ግን ከዚያ በላይ መከፈት አይችልም፤ ሥሩ እጀታው ውስጥ ካለው ማቆሚያ ጋር ተደግፏል። ስለዚህ በተጫንን ቁጥር መገጣጠሚያው ይበልጥ ይረጋል። ብርቱካን መላጥ፣ ዳቦ መቁረጥ፣ የታሰረ ገመድ መበጠስ፣ የማዳበሪያ ስፌት መክፈት፣ እርሳስ መቅረጽ ሁሉም እንዲህ ያሉ ሥራዎች ናቸው። ለእነሱ መቆለፊያ የሌለው ሰንጢ ከበቂ በላይ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ኃይሉ ሲገለበጥ ነው። በጫፉ ወፍራም ካርቶን ስንወጋ፣ እንጨት ውስጥ የተቀረቀረ ስለት እያወዛወዝን ስናወጣ፣ በስለቱ ጀርባ አንድ ነገር ስንመታ፣ ስለቱ ወደሚታጠፍበት አቅጣጫ ይገፋል። በዚያ መንገድ ላይ ደግሞ አራት ጣቶች አሉ። ሰንጢ በባለቤቱ ጣት ላይ የሚታጠፈው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። የመገጣጠሚያ ጥበብ ሁሉ የተፈለሰፈው ለእነዚህ ጥቂት ሥራዎች ሲባል እንደሆነ ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ሞላ

የመጀመሪያው መልስ ሞላ ነው። ካርል ኤልሰነር የተባለ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1884 በስዊዘርላንድ ሽዊትስ ክልል፣ ኢባህ በተባለ መንደር የቢላ መሥሪያ ከፈተ። የስዊዘርላንድ ጦር በዚያን ጊዜ የወታደሮቹን ሰንጢ የሚያስመጣው ከጀርመን የቢላ ከተማ ከዞሊንገን ነበር። ኤልሰነር በ1891 የመጀመሪያውን የአገር ውስጥ ምርት ለጦሩ አስረከበ። ሰንጢው ስለት፣ ወስፌ፣ የቆርቆሮ መክፈቻና ካቻቢቴ ነበረው፤ ካቻቢቴው ወታደሩ ጠመንጃውን የሚፈታበት ነው። በ1897 ደግሞ ዛሬ ዓለም የሚያውቀውን ባለ ብዙ መሣሪያ ሰንጢ በስሙ አስመዘገበ። ብልሃቱ አንዱ ሞላ በሁለቱም የእጀታው ጎን ያሉትን መሣሪያዎች እንዲይዝ ማድረጉ ላይ ነበር፤ በዚህም መሣሪያው በዝቶ ውፍረቱ ሳይጨምር ቀረ። ድርጅቱ ዛሬ ቪክቶሪኖክስ ይባላል።

ይህን ሰንጢ ቀስ ብለው ይክፈቱት። ጥፍርዎን ስለቱ ላይ ባለችው ጎድጓዳ መስመር አስገብተው ሲስቡ መጀመሪያ እምቢ ይላል። እየጠነከረ ይመጣና አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ከእጅዎ አምልጦ ራሱ ይከፈታል፤ «ጧ» ብሎም ይቆማል። ይህ የሚሆነው የስለቱ ሥር ጥግ ያለው ሆኖ ስለተቀረጸ ነው። ሞላው በሥሩ ጠፍጣፋ ጎን ላይ ሲያርፍ ስለቱ ይረጋል። ስለቱ ሲዞር ጥጉ ሞላውን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ጥጉ ሲያልፍ ሞላው ያጠራቀመውን ኃይል መልሶ ይሰጣል። ሲዘጋም እንዲሁ ነው። ድምፁ ደመቅ ያለና ያልተጎተተ ከሆነ ሞላው ጤነኛ ነው ማለት ነው፤ የታፈነና የሚንቀራፈፍ ከሆነ ደግሞ ወይ ቆሻሻ ገብቷል፣ ወይ ሞላው ደክሟል።

በዚህች ትንሽ ዕቃ ውስጥ ያሉት ብረቶች ጥንካሬያቸው አንድ አይደለም። ፋብሪካው ሮክዌል በተባለው የጥንካሬ መለኪያ ስለቱን 56፣ ካቻቢቴውንና የቆርቆሮ መክፈቻውን 52፣ ሞላውንና የቡሽ መክፈቻውን 49 አድርጎ ይሠራቸዋል። የደረቀ ብረት ስለቱን ያቆያል፤ ቢጠመዘዝ ግን ይሰበራል። ሞላ በየቀኑ መለጠጥ አለበት፤ ካቻቢቴ ብሎን ሲያጠብቅ መጠምዘዝን መቻል አለበት። በስለቱ ጫፍ ብሎን ለመፍታት የሚሞክር ሰው ጫፉን ሰብሮ የሚቀረውም ለዚህ ነው፤ ጥንካሬው የተሰጠው ለመቁረጥ እንጂ ለመጠምዘዝ አይደለም።

ቀለበት

ሁለተኛው መልስ ከፈረንሳይ ተራሮች መጣ። እ.ኤ.አ. በ1890 ሳቯ በተባለው የአልፕስ አካባቢ ዦዜፍ ኦፒኔል የሚባል የመሣሪያ ሠሪ ልጅ ለገበሬ የሚሆን ርካሽ ሰንጢ ሠራ። በ1897 ከ1 እስከ 12 ቁጥር የተሰጣቸው 12 መጠኖች አወጣ። ዛሬ በብዛት የሚታወቀው ቁጥር 8 ስለቱ 8.5 ሳንቲሜትር፣ እጀታው 11 ሳንቲሜትር ገደማ ሲሆን ክብደቱ ከ45 ግራም ብዙም አይርቅም።

የኦፒኔል ሰንጢ ሞላ የለውም። ክብ የእንጨት እጀታ ተሰንጥቆ ስለቱ በስንጥቁ መሃል ገብቷል፤ እንጨቱ ከሁለት በኩል ስለሚይዘው በሰበቃ ብቻ ይቆማል። ለረጅም ዘመን የነበረው ይኸው ነው። በ1955 ማርሴል ኦፒኔል አንድ የሚዞር ቀለበት ጨመረበት። ስለቱን ከፍቶ ቀለበቱን በአውራ ጣት ማዞር ነው፤ የቀለበቱ ክፍት ቦታ ከስንጥቁ ፊት ዞር ሲል የስለቱ መታጠፊያ መንገድ በብረት ይዘጋል። ከ2000 ወዲህ ደግሞ ቀለበቱ የታጠፈውን ስለት እንዳይከፈትም ይቆልፋል። ሰንጢው በሙሉ አምስት ክፍሎች ብቻ ነው ያሉት፦ እጀታ፣ ስለት፣ ዘንግ፣ የማይንቀሳቀስ አንገትጌና የሚዞር ቀለበት።

ዋጋው ርካሽ የሆነውም፣ አመሉ የሚቀያየረውም በእንጨቱ ምክንያት ነው። ዝናብ የነካው ወይም ውኃ ውስጥ የተነከረ እጀታ ያብጥና ስለቱን አንቆ ይይዛል፤ ጥፍር ቢሰበር እንጂ አይከፈትም። የሳቯ ሰዎች መላ አላቸው። የታጠፈውን ሰንጢ በቀለበቱ በኩል ይይዙና የእጀታውን ቂጥ ጠንካራ ነገር ላይ መታ ያደርጉታል፤ ስለቱ በራሱ ክብደት ብቅ ይልላቸዋል። በደረቅ ወቅት ደግሞ እንጨቱ ስለሚኮማተር ስለቱ ይላላል። እጀታውን የተልባ ዘይት ማጠጣት ይህን አመል ያለዝበዋል፤ ጨርሶ ግን አያጠፋውም።

ላሜራ

ሦስተኛውን መልስ አሜሪካኖች አስፋፉት። በ1964 ባክ የተባለው ድርጅት 110 የሚል ቁጥር ያለው ከባድ ሰንጢ አወጣ፤ በእጀታው ጀርባ ያለች ዘንግ ስለቱ ሲከፈት ሥሩ ላይ ያለ ጎድጓዳ ውስጥ ገብታ ትቆልፈዋለች። በ1980ዎቹ ማይክል ዎከር የተባለ ቢላ ሠሪ ሌላ ዘዴ አመጣ። እጀታው ውስጥ ያለችው ቀጭን ላሜራ ራሷ እንደ ሞላ ተጎንብሳ ትቀመጣለች፤ ስለቱ ሲከፈት ወደ መሃል ትገባና ከሥሩ ኋላ ትደገፋለች። ለመዝጋት ላሜራዋን በአውራ ጣት ወደ ጎን መግፋት ነው።

ከዚህ በተጨማሪ ስፓይደርኮ በ1981 ስለቱ ላይ ክብ ቀዳዳ አበጀ፤ አውራ ጣት ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ በአንድ እጅ ይከፍተዋል። ሰንጢው ኪስ ጫፍ ላይ የሚንጠለጠልበትን ክሊፕም አደረገለት። በአንድ እጁ ከረጢት ወይም ገመድ ለያዘ ሠራተኛ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ያም ሆኖ ላሜራዋ የምትደገፍበት ቦታ እጅግ ጠባብ ነው። አሸዋ ወይም የኪስ ቡቱቱ ከገባበት በደንብ ላትይዝ ትችላለች። ስለዚህ ምንም ዓይነት መቆለፊያ ቢኖር ሰንጢን እንደ መፈንቀያ ለመጠቀም ፈቃድ አይሆንም።

ከአፉ በላይ ያለው ውፍረት

እስካሁን ስለ መገጣጠሚያው አወራን። ሰንጢው በደንብ መቁረጥ አለመቁረጡን የሚወስነው ግን ሌላ ነገር ነው፤ የስለቱ ቅጥነት። ሰው ሰንጢ ሲገዛ አፉን በአውራ ጣቱ ዳሰስ አድርጎ «ተሳለ፣ አልተሳለም» ይላል። አፉ ሁልጊዜ ሊሳል ይችላል፤ ከአፉ በላይ ያለው የብረቱ ውፍረት ግን ከፋብሪካ እንደወጣ ነው የሚኖረው።

ወፍራም ካሮት ይውሰዱና በሁለት ሰንጢ ይቁረጡት። የኦፒኔል ቁጥር 8 ስለት ጀርባው ላይ እንኳ ከ2 ሚሊሜትር ያንሳል፤ ወደ አፉ ሲወርድ ይሳሳል። ካሮቱ ውስጥ ገብቶ እስከ መክተፊያው ድረስ ያለ ድምፅ ይወርዳል፤ የተቆረጠው ፊትም ልስልስ ነው። ጀርባው 4 ሚሊሜትር የሆነ፣ «ለከባድ ሥራ» ተብሎ የተሸጠ ሰንጢ ደግሞ አፉ የቱንም ያህል ቢሳል ግማሽ መንገድ ከሄደ በኋላ ይቆማል። ተጨማሪ ኃይል ሲሰጡት ካሮቱ «ቀጭ» ብሎ ለሁለት ይፈነጠራል። ፊቱን ቢያዩት የላይኛው ግማሽ የተቆረጠ፣ የታችኛው ግማሽ የተሰነጠቀ ነው። ቢላው መሃል መንገድ ላይ መቁረጡን ትቶ ሽብልቅ ሆኗል።

ወፍራም ስለት የሚሠሩ ሰዎች ምክንያት አላቸው፤ ቀጭን ስለት ወደ ጎን ሲጎብጥ ይታጠፋል ወይም ይሰበራል። ነገር ግን ሰንጢ ላይ ይህ ክርክር ብዙ አያስኬድም። ስለቱ መፈንቀልን ቢችል እንኳ ዘንጉ አይችልም። ዘንጉ የማይሸከመውን ኃይል ለስለቱ መስጠት ለመቁረጥ የሚያስፈልገውን ቅጥነት በከንቱ መጣል ነው።

ብረቱና ሲኒው

የሰንጢ ስለት በጥቅሉ ከሁለት ዓይነት ብረት ይሠራል። አንደኛው ተራ የካርቦን ብረት ነው። የኦፒኔል የካርቦን ስለት 0.9 በመቶ ያህል ካርቦን አለው፤ በቀላሉ ይሳላል፣ አፉም ስል ይሆናል። ግን ሎሚ የቆረጡበት ዕለት ይጠቁራል። ሽንኩርትም ቀለሙን ይቀይረዋል፤ ፍራፍሬው ላይ የብረት ጣዕም ሊተው ይችላል። ግራጫና ሰማያዊ ሆኖ የሚቀረው ቀለም ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም ቀዩን ዝገት በመጠኑ ያዘገየዋል። ቀዩ ዝገት የሚመጣው ሰንጢው እርጥብ ሆኖ ሲታጠፍ ነው።

ሁለተኛው የማይዝገው ብረት ነው። የኦፒኔል የማይዝግ ስለት 12ሲ27 የተባለ የስዊድን ብረት ሲሆን 13.5 በመቶ ያህል ክሮሚየም አለው። ክሮሚየሙ የብረቱን ፊት በዓይን በማይታይ ስስ ሽፋን ይጠብቀዋል። ለኩሽና፣ ለላብና ለባሕር ዳር ይህኛው ይሻላል።

ከዚህ በላይ ውድ የሆኑ፣ ስለታቸው ለብዙ ጊዜ የማይደነዝዝ ብረቶች አሉ። ነገር ግን ለብዙ ጊዜ የማይደነዝዘው፣ ሲደነዝዝም ለመሳል ብዙ ጊዜ ይፈልጋል፤ አንዳንዶቹ የአልማዝ ዱቄት ያለበት መሳያ ካልሆነ አይበገሩም። ለስለስ ያለው የስዊስ ሰንጢ ግን የቡና ሲኒ ይበቃዋል። ሲኒውን ገልብጠው ግርጌውን ይመልከቱ፤ ያልተቀባ ሻካራ ቀለበት አለ። ስለቱን 20 ዲግሪ ያህል አዘንብሎ፣ ከሥሩ እስከ ጫፉ፣ ቀለበቱን የሚልጥ ይመስል ገፋ ማድረግ ነው። በሌላው ወገን ጣት የሚቧጭር ስስ ጠርዝ ሲሰማ ገልብጦ መድገም፤ በመጨረሻም በቀላሉ ወዲያና ወዲህ አድርጎ ጠርዙን ማጥፋት። ቲማቲም ሳይጨፈለቅ ከተቆረጠ ሥራው አልቋል። የደነዘ ቢላ ይበልጥ እንደሚያስፈራ ቁርጥ የሚወድ ሁሉ ያውቃል፤ ስለቱ እምቢ ሲል እጅ ይጨምራል፣ እጅ ሲጨምር ስለቱ ያመልጣል።

እጅ ውስጥ፣ ኪስ ውስጥ

ሰንጢ አንድ ያልታሰበ ጥቅም አለው፤ ስለቱን መዋጥ ስላለበት እጀታው ሁልጊዜ ከስለቱ ይረዝማል። ቁጥር 8 ኦፒኔል ቀላልና ትንሽ ቢመስልም አራቱም ጣቶች እጀታው ላይ ይመቻቸዋል። ክብ ስለሆነ መዳፍ የሚወጋ ጥግ የለውም፤ እንጨት ሲጠርቡበት ቢውሉ እጅ አይላጥም። ባለ ብዙ መሣሪያው የስዊስ ሰንጢ ላይ ግን የተደረደሩት መሣሪያዎች ጠርዝ መዳፍ ላይ ይሰማል። ዋናው ስለት ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለው በእጀታው አንድ ጎን እንጂ መሃል ላይ ስላልሆነ፣ ጠንከር ብለው ሲገፉት እጅ ወደ ጎን ይዞራል። ከቤተሰቡ ትላልቆች አንዱ የሆነው፣ ስዊስ ቻምፕ የሚባለው፣ 33 አገልግሎትና 185 ግራም ክብደት አለው። መሣሪያ ሣጥን ለሌለው ሰው ድንቅ ነው፤ ማንጎ ለሚልጥ ሰው ግን ከባድ ጡብ ነው።

ከማንጎው በኋላ ያለውም ሥራ መዘንጋት የለበትም። ጭማቂው ወደ መታጠፊያው ይገባል፣ ይደርቃል፣ ሞላውን ያጣብቃል። የስዊሱን ሰንጢ ሞቅ ባለ ውኃ ውስጥ እየከፈቱና እየዘጉ ማጠብ፣ አድርቆ ዘንጉ ላይ አንድ ጠብታ ዘይት ማድረግ ነው። የእንጨቱን ግን ውኃ ውስጥ መንከር አይገባም፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ወዲያው ማድረቅ ይበቃል።

ሕግ ደግሞ መገጣጠሚያውን በራሱ ዓይን ያየዋል። በብሪታንያ የሚታጠፍ፣ የማይቆለፍና የሚቆርጠው አፉ ከ3 ኢንች፣ ማለትም ከ7.62 ሳንቲሜትር ያልበለጠ ሰንጢ ምክንያት ሳያስፈልግ ከቤት ውጭ መያዝ ይቻላል፤ የሚቆለፈውን ለመያዝ ግን በቂ ምክንያት ያስፈልጋል። ስለዚህ ለንደን ያለ አንባቢ የተለመደውን የስዊስ ሰንጢ ኪሱ ሊከት ይችላል፤ ቁጥር 8 ኦፒኔል ግን በርዝመቱም በቀለበቱም ያስጠይቀዋል። ጀርመንም ከ2008 ጀምሮ በአንድ እጅ ተከፍቶ የሚቆለፍ ሰንጢን ያለ በቂ ምክንያት ይዞ መዞርን ከልክላለች። ለባለቤቱ ጣት ደኅና የሆነው መቆለፊያ በሕግ ዓይን ሰንጢውን ወደ መሣሪያነት ያስጠጋዋል። እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላ ሰንጢ በብዙ ቦታ ከአውሮፕላን የመንገደኞች ክፍል ታግዷል፤ በሻንጣ ግን ይጫናል። አዲስ አበባ ውስጥም ሆቴልና መሥሪያ ቤት በር ላይ ፍተሻ አለ፤ ጉዳይ ያለው ሰው ሰንጢውን ቤት ትቶ ቢወጣ ይሻለዋል።

ሱቅ ውስጥ

እንግዲህ ሻጩ ፊት ቆመው ሰንጢ ሲመርጡ ከአፉ አይጀምሩ። መጀመሪያ ከፍተው ስለቱን በሁለት ጣት ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይነቅንቁት፤ የሚወዛወዝ ከሆነ ዘንጉ በደንብ አልታሰረም። ቀጥሎ ጣትዎን ከመታጠፊያው መንገድ አርቀው የስለቱን ጀርባ በዝግታ ይጫኑ፤ መቆለፊያ ያለው ፍንክች ማለት የለበትም፣ ባለ ሞላው ደግሞ ከመታጠፉ በፊት በግልጽ እምቢ ማለት አለበት። ሲዘጋ አፉ እጀታው ውስጥ ካለው ብረት ጋር እንዳይጋጭ ይመልከቱ፤ የሚጋጭ ከሆነ በየቀኑ ራሱን ያደነዝዛል። ከዚያ ስለቱን ከጫፉ በኩል አይተው ጀርባው ምን ያህል እንደወፈረ ያስተውሉ፤ ወፍራሙን ትተው ቀጭኑን ይውሰዱ። አፉን በመጨረሻ ይዩት፤ ደንዝዞ ቢያገኙት እንኳ ሲኒ ቤትዎ አለ።

ከገዙት በኋላ የሚቀረው ልክን ማወቅ ነው። በስለቱ ወደ ታች መቁረጥ፣ መላጥ፣ መቅረጽ የሰንጢ ድርሻ ነው፤ በዚህ ከትልቅ ካራ ጋር ሊወዳደር ይችላል። መፈንቀል፣ መፍለጥ፣ መጠምዘዝ ግን የዘንጉን አቅም የሚያልፉ ሥራዎች ናቸው። እዚያ ላይ ሰንጢውን አጥፎ ኪስ መክተትና ካቻቢቴ ወይም መጥረቢያ መፈለግ ከስለቱ ይልቅ ጣትን ያተርፋል።